ቡድናችን ከፋይናልሱ በፊት ወረደ፤ እንፍራ ወይስ እንታገስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ስለ ራግቢ ሊግ ናቸው። ከብሪዝበን፣ ከሜልበርንና ከእንግሊዟ ሊድስ ነው የተላኩት። ሦስቱም የሚያነሱት ዓመቱን ደህና ከርሞ ልክ ፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ዋንጫው የሚለይበት ዙር፤ አውስትራሊያ ውስጥ ፋይናልስ ይሉታል) ሲቃረብ ስለሚንገዳገድ ቡድን ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ብሪዝበን፣ ሙሩካ ሰፈር ነው። ከአገር ቤት ስመጣ የማውቀው እግር ኳስ ብቻ ነበር። ልጄ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የከተማዋ ቡድን ብሮንኮስ ሲባል ነፍሱ ነው፤ እኔንም ቀስ በቀስ አስገባኝ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኦገስት ላይ ቡድኑ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስላል። ልጁ «2022 ሊደገም ነው» ይልና እራት አልበላም ይላል። የሥራ ባልደረቦቼም ያው ናቸው። ለመሆኑ 2022 ምን ተፈጠረ? ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የከረመ ቡድን መጨረሻ ላይ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ለልጄስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልጅዎ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚፈራው። 2022 ለብሮንኮስ ደጋፊ ወሽመጥ ቆራጭ ዓመት ነበር። እራቱን ግን ይብላ! ከፋይናልስ በፊት የሚመጣ ሽንፈት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ጨዋታ ስከታተል ያመንኩበት ነገር ቢኖር፣ ስንት ጊዜ ተሸነፉ ከሚለው ይልቅ እንዴት ተሸነፉ የሚለው እንደሚበልጥ ነው።

እንዴት የሚለውን ለማየት ጨዋታውን ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ስለሚጠቅም ባጭሩ ልበለው። በአንድ ወገን 13 ተጫዋች ይሰለፋል፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ታክል እስኪደረግ (ኳስ የያዘው ሰው ተይዞ እስኪጣል) ድረስ ይጫወታል፤ በስድስተኛው ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው በኋላ ኳሱን አርቆ ይመታዋል። ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ትራይ አስቆጠረ ይባላል፣ አራት ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመታው ምት ከገባ ሁለት ይጨመራል። ሌላው ዋና ነገር፣ ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ ተከላካዮቹ አሥር ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አለባቸው። ይህችን አሥር ሜትር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ 2022 እንሂድ። በዚያ ዓመት ብሮንኮስ ከመጀመሪያዎቹ 18 ጨዋታዎች 12ቱን አሸንፎ ነበር። ከሳውዝ ሲድኒ የመጣው አምበሉ አዳም ሬይኖልድስ ቡድኑን አረጋግቶታል፣ ወጣቶቹም እየበሰሉ ነበር። ስምንት ቡድኖች ወደ ፋይናልስ ያልፋሉ፤ የብሮንኮስ ደጋፊ ግን የሚያወራው ስለ ስምንቱ አልነበረም፣ ከአራቱ አንዱ ስለመሆን ነበር። ከዚያ ጁላይ መጨረሻ ላይ በገዛ ሜዳው፣ ዓመቱን የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ በጨረሰው በዌስትስ ታይገርስ 32 ለ 18 ተሸነፈ። በሳምንቱ ሲድኒ ሩስተርስ 34 ለ 16 ደገመው። ኒውካስልን አሸነፈና ደጋፊው ትንሽ ተነፈሰ። ቀጥሎ የመጣውን ግን ማን ጠበቀው? ሜልበርን ስቶርም 60 ለ 12 አሸነፈው። ሳምንት ሳይሞላ ፓራማታ 53 ለ 6። በሁለት ጨዋታ ብቻ 113 ነጥብ ተቆጠረበት! በመጨረሻው ሳምንት በሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 22 ለ 12 ሲሸነፍ ነገሩ አለቀ። ስምንተኛውን ቦታ ካንቤራ ወሰደው፣ ብሮንኮስ ዘጠነኛ ሆኖ ቀረ።

ለምን ሆነ ላሉት፣ አንዱ መልስ ስቴት ኦፍ ኦሪጅን ነው። በየዓመቱ በውድድሩ አጋማሽ ሁለቱ የአውስትራሊያ ክልሎች፣ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ከየክለቡ በተመረጡ ተጫዋቾች ሦስት ጊዜ ይገጥማሉ። በዚህ ጨዋታ ላይ የሚታየው ግጭት ከክለብ ጨዋታ እጅግ ይከብዳል። ጥሩ ቡድን ያለው ክለብ ብዙ ሰው ስለሚያዋጣ እዳውን የሚከፍለው ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። ሰውነቱ የደቀቀ ተጫዋች በሁለት በሦስት ቀን ወደ ክለቡ ይመለሳል፤ ድካሙ ግን ወዲያው አይታይም፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚወጣው። በዚያ ዓመት የኦሪጅኑ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የብሮንኮሱ ፓት ካሪጋን ነበር። መሀል ሜዳ ላይ ሲጥል፣ ሲነሳ፣ እንደገና ሲጥል የሚውል ሰው ነው። እና በዚያው በታይገርስ ጨዋታ ላይ ጃክሰን ሄስቲንግስን ይዞ ሲጥለው የሰውነቱ ክብደት እግሩ ላይ አረፈ። የሄስቲንግስ እግር ተሰበረ፣ ካሪጋንም አራት ጨዋታ ተቀጣ። የቀሩበትን አራት ጨዋታዎች ይቁጠሯቸው፦ ሩስተርስ፣ ኒውካስል፣ ስቶርም፣ ፓራማታ።

ያም ሆኖ 60 ነጥብ በአንድ ሰው መቅረት አይመጣም። እኔ እንደማየው በዚያ ወር የተሰበረው መተማመን ነው። የራግቢ ሊግ መከላከል 13 ሰው በአንድ መስመር ቆሞ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰው እንደሚይዝ በማመን የሚሠራ ነገር ነው። ዳር የቆመው ተከላካይ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ታክሉን ይስታል ብሎ ከፈራ ሊረዳው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ እርምጃ ብቻ። ያቺን እርምጃ ያየው ተጋጣሚ ኳሱን ከጀርባው አሳልፎ ለክንፉ ያቀብላል፣ ክንፉም ማንም ሳይነካው ይገባል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲገባባቸው ሦስተኛውን ሁሉም ይጠብቁታል፣ ሁሉም ቦታቸውን እየለቀቁ ለመሸፈን ይሮጣሉ፣ ያኔ ቀዳዳው ይበዛል። 53ም 60ም የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

ማጥቃት ሲፈዝ ግን ሌላ ነው። ኳስ አቀባዩ ታፋውን ተጎድቶ ሁለት ወር ከቀረ ቡድኑ ኳስ ያበላሻል፣ ቅብብሉ አይጣጣምም፣ 12 ለ 10 ይሸነፋል። ያስጠላል፣ ግን ሰውየው ሲመለስ ይመለሳል።

ስለዚህ ከልጅዎ ጋር ቲቪ ፊት ስትቀመጡ ኳሱን የያዘውን ለጊዜው ተዉት። ታክሉ ካለቀ በኋላ ከመሬት የሚነሱትን ተከላካዮች እዩ። ያቺን አሥር ሜትር እንዴት ነው የሚመለሷት? ፊታቸውን ወደ ኳሱ አድርገው፣ እየተጠራሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቦታ እየተካፈሉ ከሆነ ደህና ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው የሚጎተቱ ከሆነ፣ እጃቸው ወገባቸው ላይ ከሆነ፣ የሚናገር ሰው ከሌለ፣ ያኔ ነው መስጋት። ኳሱ ርቆ ሲመታም እዩ፤ ስድስት ሰባት ሰው በአንድ መስመር ተሰልፎ ያሳድዳል ወይስ ሁለት ሰው ሮጦ ሌላው ይራመዳል? ይሄ ተሰጥኦ አይጠይቅም፣ ፍላጎት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለዚህ ነው የቡድኑን ልብ ከሁሉ በፊት የሚያሳየው። እና በገዛ መስመራቸው አምስት ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ዙር ተደጋግሞ ሲመጣባቸው ቆመው ከመለሱ፣ ጨዋታውን ቢሸነፉ እንኳ እኔ አልጨነቅም።

ይህን የምለው ከራሱ ከብሮንኮስ ታሪክ ተነስቼ ነው። በ2005 በአሰልጣኙ በዌይን ቤኔት እየተመራ ሰንጠረዡን ሲመራ ቆይቶ የመደበኛውን ውድድር የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ሦስተኛ ሆኖ ፋይናልስ ቢገባም በሜልበርን 24 ለ 18፣ በዌስትስ ታይገርስ 34 ለ 6 ተረትቶ ወጣ። ሰባት ተከታታይ ሽንፈት ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከአጋማሹ በኋላ እንደገና መሸነፍ ሲጀምር ከተማው «ያው ነው፣ ዘንድሮም ያው ነው» አለ። ቤኔት ግን ዝም ብሎ አላየም፤ በዚያ የውድድር ዓመት በሴንተርነት ይጫወት የነበረውን ሾን ቤሪጋንን ሁከር (ከታክል በኋላ ኳሱን ከመሬት አንስቶ የሚያቀብል) አደረገው፣ ጀስቲን ሆጅስን ወደ ፉልባክ (ከመስመሩ ኋላ የሚቆም የመጨረሻ ተከላካይ) ወሰደው። የመጀመሪያውን የፋይናልስ ጨዋታ በሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 20 ለ 4 ሲሸነፍ ደጋፊው ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ ኒውካስልን 50 ለ 6 አሸነፈ። ከቡልዶግስ ጋር እስከ ዕረፍት 20 ለ 6 ተመርቶ 37 ለ 20 ጨረሰ። በፍጻሜውም ሰንጠረዡን አንደኛ ሆኖ የጨረሰውን ሜልበርን ስቶርምን 15 ለ 8 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዚያ ቀን ኮከብ ማን ነበር? ቦታ የተቀየረለት ቤሪጋን!

ሌላው ልጅዎ በዓይኑ ያየው ነው፣ 2025። ብሮንኮስ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሬይኖልድስንም ኤዝራ ማምንም በጉዳት አጥቶ ነበር። ሁለቱም ጨዋታ አቀጣጣዮች ናቸው፣ ማንም ቡድን ሁለቱን በአንዴ ሲያጣ ይፈዛል። አራተኛ ሆኖ ገባ። ሰንጠረዡን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ካንቤራ 28 ለ 12 ሲመራው ቆይቶ፣ ተናንቆ በጭማሪ ሰዓት 29 ለ 28 አሸነፈ። ከፔንሪዝ ጋር እስከ ዕረፍት 14 ለ 0 ተመርቶ 16 ለ 14። በፍጻሜው በስቶርም 22 ለ 12 ተመርቶ ዕረፍት ወጣ፣ 26 ለ 22 ጨረሰ። ከ2006 በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሪስ ዎልሽ ሩጫ ነው፣ የፍጻሜው ኮከብ ስለነበር ይገባዋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከፔንሪዝም ከስቶርምም ጋር በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ነጥብ አልተቆጠረባቸውም። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ፣ ከአገሪቱ ምርጥ ሁለት ቡድኖች ጋር፣ ዜሮ! በከባድ ልምምዱ የሚታወቀው አሰልጣኝ ማይክል ማጓየር ዓመቱን ሙሉ የለፋው ለዚህ ነበር።

ለልጅዎ ይህን ይንገሩት። ኦገስት ላይ ሁለት ጨዋታ ቢሸነፉ መጀመሪያ የተቆጠረባቸውን ይቁጠር። ከ20 በታች ከሆነ እራቱን ይብላ። 50 ከሆነም ይብላ፣ ግን ያን ቀን ማዘኑን አልከለክለውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። የስቶርም ደጋፊ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር የማያልቅ ክርክር አለን። አሰልጣኞች ቦታቸውን ካረጋገጡ በመጨረሻው ሳምንት ዋና ዋና ተጫዋቾቻቸውን ያሳርፋሉ፣ ይሸነፋሉም። እሷ ብልጠት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ቡድኑ ሙቀቱን ያጣል፣ ትኬት ገዝቶ የመጣውም ሰው ይበደላል እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ በትኬቱ ጉዳይ ካንቺ ጋር ነኝ። ልጆቹን ይዞ፣ ማልያ ገዝቶ፣ ዎልሽን ላሳያቸው ብሎ ለመጣ አባት «ዛሬ አይጫወትም» ማለት ከባድ ነው፤ ክለቦች ይህን ቢያንስ ቀደም ብለው ሊያሳውቁ ይገባል። በሙቀቱ ጉዳይ ግን ጓደኛሽ ትበልጥሻለች። ምስክሯም የራስሽ ቡድን ነው።

በ2023 የመጨረሻ ሳምንት ብሮንኮስ ሰንጠረዡን ይመራ ነበር። ከስቶርም ጋር ሲገጥም ብዙ ዋና ተጫዋቾቹን አሳረፈና 32 ለ 22 ተሸነፈ። ፔንሪዝ በዚያው ሳምንት አሸንፎ አንደኝነቱን ወሰደበት። ብሪዝበን ውስጥ ትልቅ ጩኸት ነበር፤ «አንደኝነት በእጃችን ሲገባ እንዴት እንለቃለን» ተባለ። በሳምንቱ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች በፋይናልስ ተገናኙ። ብሮንኮስ 26፣ ስቶርም 0። ቀጥሎ ኒውዚላንድ ዋሪየርስን 42 ለ 12 አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። ታዲያ ሙቀቱ የት ጠፋ?

ነገሩ የሚገባሽ የፋይናልሱን አሠራር ካየሽው ነው። ከአንድ እስከ አራት የወጡት በመጀመሪያው ሳምንት እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። ያሸነፈ አንድ ሳምንት አርፎ ለፍጻሜው ማለፊያ ጨዋታ ይጠብቃል። የተሸነፈም ሌላ ዕድል አለው። ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ግን አንድ ጊዜ ከተሸነፉ ወደ ቤት ነው። ይህ አሠራር በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ከአራቱ ውጪ ሆኖ ዋንጫ ያነሳ ቡድን የለም፣ 2025ን ጨምሮ። ስለዚህ ትልቁ ገደል ያለው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን ጨዋታ የሚያስተናግዱት እነሱ ናቸው። የብሮንኮስ አሰልጣኝ ኬቪን ዎልተርስ ያኔ ያሰላው ይህንን ይመስለኛል፣ እና በእኔ እምነት ስሌቱ ትክክል ነበር።

በዚያ ዓመት ፍጻሜ የሆነውን አንስተሽ እንደምትከራከሪኝ አውቃለሁ። ብሮንኮስ በኤዝራ ማም ሦስት ትራይ 24 ለ 8 መርቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የፔንሪዙ ናታን ክሊሪ ብቻውን ጨዋታውን ገልብጦት 26 ለ 24 ተሸነፈ። ያ ግን ከአንድ ወር በፊት ከተወሰደ ዕረፍት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የደከመ መስመር ፊት እንደ ክሊሪ ያለ ሰው ሲቆም የሚሆነው እሱ ነው፤ እንዲያውም የበለጠ ዕረፍት ያስፈልግ ነበር ቢባል ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማሳረፍ የሚያዋጣው ሰውነቱ ለተጎዳ፣ ብዙ ታክል ለሚያደርግ የፊት መስመር ተጫዋች ነው። ከጉዳት የተመለሰ ኳስ አቀባይ ከሆነ ይጫወት እላለሁ፤ እሱ የሚያስፈልገው ከጓደኞቹ ጋር መላመድ ነው፣ ያ ደግሞ በልምምድ ብቻ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ሊድስ የምማር ተማሪ ነኝ። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ የሊድስ ራይኖስ ደጋፊዎች ናቸው። ቡድኑ ሰንጠረዡ ላይ ወረደ ስላቸው «ችግር የለውም፣ እኛ አምስተኛ ሆነን ዋንጫ ወስደናል» ይሉኛል። እየቀለዱብኝ ነው ወይስ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነታቸውን ነው። ያውም አንዴ ሳይሆን ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ በ2011 እና በ2012።

2011 ለሊድስ ጥሩ ዓመት አልነበረም። በእንግሊዙ ዋና ውድድር በሱፐር ሊጉ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ኦገስት ላይ በቻሌንጅ ካፕ (ከሊጉ የተለየ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ በዊጋን 28 ለ 18 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ብራያን ማክደርሞት የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፣ ብዙ ደጋፊ አላመነበትም። እና በዚያን ጊዜ የእንግሊዙ ፕሌይኦፍ አንድ የሚገርም ሕግ ነበረው፣ ክለብ ኮል ይባላል። ከፍ ብሎ የጨረሰውና ያሸነፈው ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ማንን መግጠም እንደሚፈልግ ራሱ ይመርጥ ነበር። አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ዋሪንግተን ሰንጠረዡን አየና ሊድስን መረጠ። አምስተኛ ነው፣ ዓመቱን ሲንገዳገድ የከረመ ነው፣ ማን አይመርጠውም? ሊድስ ሄዶ በዋሪንግተን ሜዳ 26 ለ 24 አሸነፈ።

ፍጻሜው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከሴንት ሄለንስ ጋር ነበር። ከተጠባባቂ ወንበር የገባው ሮብ በሮው ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ብቻ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ ትንሹ ሰው ማለት ይቻላል። ኳሱን መሀል ሜዳ አካባቢ ተቀብሎ፣ ከሚይዙት ግዙፍ ሰዎች ክንድ ሥር ጎንበስ ብሎ ሾለከ፣ የመጨረሻውን ተከላካይ አታለለና ሮጦ ገባ። ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፣ በእኔ ግምት በሱፐር ሊግ ፍጻሜ ከተቆጠሩት ሁሉ የሚያምረው ትራይ ነው። ያም ሆኖ ሊድስ በሁለተኛው አጋማሽ 16 ለ 8 ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ 24 ነጥብ አከታትሎ አስቆጠረ፣ አንድም ሳይቆጠርበት፤ 32 ለ 16 አለቀ። በሮው በሞተር ኒውሮን በሽታ ታሞ በ2024 ሲያርፍ ከተማዋ በሙሉ ያለቀሰችለት ያለ ምክንያት አልነበረም፣ ጓደኞችህን ስለሱ ጠይቃቸው።

በ2012ም ያው ታሪክ ነው። አምስተኛ ወጡ፣ በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ በዋሪንግተን 35 ለ 18 ተሸነፉ። ዊጋን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ በክለብ ኮል ሊድስን መረጠ፣ በገዛ ሜዳውም 13 ለ 12 ተሸነፈ። ፍጻሜው ላይ ሊድስ በዌምብሌይ አሸንፎት የነበረውን ያንኑ ዋሪንግተንን 26 ለ 18 ረታ።

ጓደኞችህ ግን አንድ ነገር ዘለውብሃል። ያ ሊድስ ዝም ብሎ አምስተኛ የወጣ ቡድን አልነበረም። ኬቪን ሲንፊልድ፣ ጄሚ ፒኮክ፣ በሮው፣ ካይሊ ለሉአይ፤ በ2007፣ በ2008 እና በ2009 ተከታታይ ዋንጫ የበሉ ሰዎች ናቸው። በሳምንታዊ ጨዋታ ይዘናጉ ነበር፣ እግራቸውም እየከበደ ነበር። ግን ኦክቶበር ላይ፣ አንድ ታክል ዓመቱን በሚወስንበት ሰዓት፣ አጠገባቸው የቆመው ሰው ምን እንደሚያደርግ አንዱ የሌላውን ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ስብስብ የሌለው ቡድን አምስተኛ ሆኖ «እኛም እንደ 2011» ቢል እኔ አላምነውም። ስለዚህ ጓደኞችህ ይህን ሲሉህ አንድ ጥያቄ መልስላቸው፦ አሁን ካሉት ተጫዋቾች ውስጥ ፍጻሜ ተጫውተው የሚያውቁት ስንት ናቸው?

ክለብ ኮል ከ2014 በኋላ ቀርቷል። አሁን አንደኛ የወጣ ቡድን ተጋጣሚውን አይመርጥም፣ ሰንጠረዡ የሰጠውን ይገጥማል።